የሐሙስ ጠዋት ውሃ

ማክሰኞ ዕለት ወንድሜ በጣም ስቆ ነበር። ከየት እንደምጀምር ብዙ ቀን አሰብኩ። ከዚያ ሳቅ ብጀምር ይሻለኛል።

ሽንኩርት እየኮተኮትኩ ነበር። እሱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ወደ ማሳው መጣ። ሁለቱን ስልኮቹን በፌስታል ጠቅልሎ ማሳው ዳር ያለችው የኒም ዛፍ ላይ ሰቀላቸው። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና ከጎኔ ቁጢጥ አለ።

"ዛሬ ማን መጣ መሰለህ?" አለኝ።

አንድ ሽማግሌ የጎረቤታቸውን አውራ ዶሮ ሊከሱ መጥተው ነበር። ዶሮው አጥር እየዘለለ እሳቸው ግቢ ገብቶ ይጮሃል። ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብለው ተቀመጡ።

"ለማን ልጻፍ፣ ለዶሮው ነው ለባለቤቱ? አልኳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ለሁለቱም፣ ግልባጭ ለወረዳ አሉኝ!"

ይህን ሲል ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። እርጥቡ አፈር ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኮቹ ፌስታሉ ውስጥ ይንጫጫሉ፣ እሱ ይስቃል። ያን ቀን ሌላ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ሙቀቱ የየካቲት ሙቀት ነው፣ ላባችን ሽንኩርቱ ላይ ይንጠባጠባል። ይኸው ነው።

ቀበሌያችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ነው። በባጃጅ ትንሽ ይኬድና የቀረው በእግር ነው። ወንድሜ የዚህ ቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። እኔ የመጨረሻው ልጅ ነኝ። በመካከላችን ያሉት እህቶቻችን ሁሉም አግብተው ሄደዋል። አባታችን ሲሞት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ስለዚህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ እለው ነበር። አንቱ ማለትም ነበረብኝ፤ አንድ ቀን ሞክሬ "ምነው፣ ሸመገልኩ እንዴ?" ብሎ ስለሳቀብኝ ተውኩት።

ሰው ባለሥልጣን ሲባል መኪናና ጠባቂ ይታየዋል። የኛ ባለሥልጣን ከተማ ሲሄድ ባጃጅ ላይ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ተጣብቦ ነው። ግን ጭንቀቱ፣ እኔ እንጃ፣ ከትልልቆቹ የሚያንስ አይመስለኝም። ከላይ ስልክ አለ፤ ሪፖርት፣ ሪፖርት፣ አሁኑኑ ሪፖርት። ከታች ሰው አለ። ማዳበሪያ ዘገየ፣ የልጄ ስም ከመዝገብ ጠፋ፣ ድንበሬ ተገፋ። ትልልቆቹ የሚሰድባቸውን ሰው ፊት አያዩም። እሱ ግን የሰደበውን ሰው ማታ መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሰግዳል። በማግስቱ ደግሞ ለቅሶ ቤት አብሮት ይቀመጣል።

ሌሎቹ የቀበሌ ሰዎች ሲጨንቃቸው ጫት ይዘው ጥግ ይይዛሉ። እሱ ጫት ትቶ ነበር። "የኔ ጫት ሽንኩርት ነው" ይል ነበር። እውነቱን ነው። ስብሰባ የከፋ ቀን ወደ ማሳው ይመጣና አንዲት መደብ በእጁ ያርማል። አያወራም። አንዲት መደብ ሲጨርስ ፊቱ ይመለሳል። "ሽንኩርት ጥሩ ሕዝብ ነው፣ እጁን አያወጣም" ይለኛል ከዚያ።

ሌላም ብልሃት ነበረው። አንድ ቀን ከተማ ቁርስ ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥን ላይ አንድ ትልቅ ሰው ይጠየቅ ነበር። ሰውየው ጥያቄው ሲመጣበት የውሃ ብርጭቆውን አነሳ፣ ቀስ ብሎ ጠጣ፣ አስቀመጠ፣ ከዚያ መለሰ። ወንድሜ ፉሉን ትቶ ጎሸመኝ።

"አየኸው? ሲከብደው ጠጣ። ውሃ የሚጠጣን ሰው ማን ይናገረዋል? ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው!"

በሳምንቱ አረንጓዴ ኮዳ ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያለ ኮዳው ስብሰባ ገብቶ አያውቅም። ጥያቄው ሲጠና ክዳኑን ይፈታል፣ ይጠጣል፣ ክዳኑን መልሶ ይገጥማል። ሰውም ነቃበት። "ሊቀመንበራችን ዛሬ ሮቢ ወንዝን ሊያደርቀው ነው!" እያሉ ይስቁበት ነበር። አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ግን አንድ ድካም ነበረበት። የሚጮኽበትን ይችላል፤ የሚያለቅስበትን አይችልም። ሰው ፊቱ ካለቀሰ "እሺ" ይላል። ከየት አምጥቶ እንደሚያደርገው ሳያስብ እሺ ይላል። እናታችን "ልጄ፣ ለአፍህ በር አብጅለት" ትለው ነበር። እሷንም እሺ ይላታል።

የጤና ኬላዋ ልጅ ደሙን ለክታ ግፊት አለብህ ብላው ነበር። ኪኒን ሰጥታዋለች። ኪኒኑን ስልኮቹ ያሉበት ፌስታል ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ፌስታሉን ከኒሟ የማወርድለት እኔ ነኝ። ኪኒኑ እንደማይጎድል አይ ነበር። አንድ ሁለቴ ነገርኩት። ሦስተኛ አልነገርኩትም።

አሁን የውሃውን ነገር መናገር አለብኝ።

ማሳዎቻችን የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነው። ተራውን የሚያዘው የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በሳቸው ቃል ላይ ሊቀመንበርም አይጨምርም። የኛ ቤት ተራ ሐሙስ ነው፣ ከንጋት እስከ ቀትሩ ዙሁር ሶላት። በየሳምንቱ። ያ ማሳ ደግሞ የኔ ነበር። ማለቴ የቤቱ ነው፤ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ከቤት አልወጣም ብዬ ስተኛ፣ ወንድሜ መጥቶ ብርድ ልብሱን ገፈፈኝና ማሳው ድረስ ወሰደኝ። "ይሄ መሬት ያንተ ነው፣ ሐሙሱም ያንተ ነው። አልምተህ ኮሌጅ ትገባበታለህ። ያንተን ውሃ ማንም አይነካብህም" አለኝ። ማንም አይነካብህም ብሏል። ያን ቃል ይዤ ነው የሠራሁት። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረው ያን ሰሞን ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ ሳምንት ውሃ ከቀረበት ተስፋ የለውም።

በዚያው ሰሞን የቦዩ የታችኛው ክፍል ተንዶ ታች ሰፈሮች ሁለት ተራ አመለጣቸው። ቦዩ ተጠገነ፣ የተዘለለው ተራ ግን አልተመለሰም። ወንዙ ሳስቶ ስለነበር ትርፍ ውሃ የለም። ሰኞ ዕለት የጽሕፈት ቤቱን ግቢ ሞልተው መጡ። ከመሐላቸው አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች፣ ከዳገቱ ሥር ካሉት ክርስቲያኖች ናት። የደረቀ የሽንኩርት ችግኝ በነጠላዋ ቋጥራ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"ሊቀመንበር፣ ይኸው ልጆቼ" አለችው። ከዚያ አለቀሰች።

"እሺ" አላት። "እሺ እናቴ። ሐሙስ ጠዋት ውሃ ታገኛላችሁ።"

ይህን እኔ አልሰማሁም ነበር። የነገረኝ እሱ ነው፣ ማክሰኞ፣ ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "ሐሙስን ለታች ሰፈር ብንሰጣቸውስ?"

"ብንሰጣቸውስ ነው ወይስ ሰጥተሃቸዋል?"

እግሩን አየ። ጣቶቹ መሐል ጭቃ ነበር።

"እሺ ብያቸዋለሁ።"

"የኔን ውሃ?"

"የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ነው ያልኩት።"

"ማንም አይነካብህም ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬህ ነበር።"

ምን ብዬ እንደመለስኩለት በደንብ አስታውሳለሁ። ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር። "ለሰው ሁሉ እሺ ትላለህ። እምቢ የምትለው ለኔ ብቻ ነው" አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። "ሰው የሚሰጠው ካለው ነው" አለኝ። "እኔ ያለኝ አንተ ነህ። ስለዚህ ከአንተ ላይ አነሳሁ። ተሳስቻለሁ። እስከ ነገ አስብበት። እምቢ ካልከኝ ስብሰባው ላይ ተሳስቻለሁ እላቸዋለሁ። ይሰድቡኛል፤ ስድብ ደግሞ ለምጃለሁ።"

አካፋዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቀድሜው ሄድኩ። ከኋላዬ ጫማውን በእጁ ይዞ ይመጣ ነበር። ሲራመድ የሚያፏጫት አንዲት ነገር ነበረችው፣ ዜማ አትባልም፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ናት። እያፏጨ ነበር የመጣው። አልዞርኩም። አሁን በዚያ መንገድ ስሄድ እዞራለሁ። ባዶ እንደሆነ እያወቅኩ እዞራለሁ።

ረቡዕ ስብሰባ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፣ በዚያ ሰዓት እንደ ምጣድ ይግላል። ቃለ ጉባኤ የምይዝለት እኔ ነበርኩ፣ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ስለሚል። ጠዋት አብረን ስንመጣ አልተነጋገርንም። እውነቱን ለመናገር ልቤ ግማሽ መንገድ ተመልሶ ነበር። ሌሊት ያቺን ሴት አስቤአት ነበር። ግን ትንሽ ይቸገር ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ብቻ።

ሦስተኛው አጀንዳ ውሃ ነበር። ከታች ሰፈር አንድ ጎልማሳ ተነሳ። ቀልደኛ ሰው ነው፣ ስብሰባ ላይ ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው።

"ሊቀመንበር፣ ሐሙስ ብለሃል፣ ደግ። ሐሙስ ግን ባለቤት አለው። የማንን ሐሙስ ነው የምትሰጠን?"

"የሌለውን ነው የሚያድለን!" አለ ሌላው ከኋላ።

"ኧረ አለው! ያቺን ኮዳ ሊያካፍለን ነው!" አለ ጎልማሳው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ ጋር ጩኸት ተነሳ። "መልስ!" የሚል አለ። "በቃ ልቀቅ!" የሚልም ነበር።

ወንድሜ ክዳኑን ፈታ። ጠጣ። ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ ወደ እኔ አየ።

ራሴን ብነቀንቅ በቂ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። "ስለ መስኖ ውሃ ውይይት ተደረገ" ብዬ ጻፍኩ። ያ ወረቀት አሁንም አለ።

"ውሃው ከ..." አለ።

ቀና ስል የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር። የሚቀመጥበትን የሚፈልግ ሰው ይመስል ቀስ ብሎ ወረደ። መጀመሪያ ሰው አልገባውም። ሳቁ ራሱ ገና አላለቀም ነበር።

ተሸክመን እስከ መኪና መንገዱ አወረድነው፤ ባጃጅ ውስጥ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ቀልደኛው ጎልማሳ እግሩን ይዞ "ሊቀመንበር፣ ሊቀመንበር፣ ቀልዴን እኮ ነው" ይለው ነበር፣ መንገዱን ሙሉ። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ጭኔ ላይ ያለው ከበደኝ። ከዚያ በላይ መጻፍ አልችልም።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ሲጮኹበት የነበሩት ሁሉ ተሸከሙት። እኔን ከጀናዛው ቃሬዛ ሥር እየተኩ "ተቀየር ወንድሜ፣ ተቀየር" ይሉኝ ነበር። ከታች ሰፈር ክርስቲያኖቹም መጥተው ከመቃብሩ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ሴትየዋም ነበረች።

ቤት ስንመለስ እናታችን ጠራችኝ። ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፣ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ነበር።

"ንግግር ጀምሮ ነበር ይላሉ። 'ውሃው ከ' ብሎ አቆመ አሉኝ። ምን ሊል ነበር?"

"አላውቅም" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "አንተ አጠገቡ ነበርክ እኮ" አለች። ያቺ ጥያቄ ብቻ ነበረች የቀረቻት። ልጇ ያልጨረሳትን ነገር ማወቅ ፈለገች። እኔም ደግሜ አላውቅም አልኩ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ኮዳው አዳራሹ ውስጥ ቀርቶ ሰው አምጥቶልን በራፉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አነሳሁት። ግማሽ ነበር።

ውሃው ወደ ታች ሰፈር ሲያልፍ ለማየት ነበር የሄድኩት። ማሳችን ዳር ስደርስ ግን ሰው ሞልቷል። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። በኛ አገር የሀዘን ቤት ውሃ አይዘለልም። ሐዘንተኛ ሦስት ቀን አካፋ ስለማይነካ ጎረቤት መጥቶ ያጠጣለታል፣ የራሱን ሥራ ትቶ። የውሃ አባት ቦዩ ራስ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ቀልደኛው ጎልማሳ ሽርጡን ሰብስቦ መደብ ውስጥ ገብቷል። ያቺ እናት ቀሚሷን ታጥቃ አካፋ ይዛ ውሃ የሚገባበትን የማሳችንን አፍ እየከፈተች ነበር። የራሷ ችግኝ እዚያ ታች እየነደደ፣ የኔን ሽንኩርት ልታጠጣ መጥታለች። ሦስት መደብ ጠጥቶ ነበር።

"አንተ ልጅ!" አሉኝ የውሃ አባት። "ምን ልትሠራ መጣህ? እናትህ አጠገብ ተቀመጥ! እኛ አለን አይደል እንዴ?"

"አባባ፣ ይሄ ውሃ..." አልኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። እሱ በየሳምንቱ እንዴት ይችለው እንደነበር አላውቅም። የኮዳውን ክዳን ፈታሁ። ጠጣሁ። ሞቅ ያለ ነበር። እውነቱን ነው፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ማንም አልተናገረኝም።

"ይሄ ውሃ የናንተ ነው" አልኩ። "ሰኞ ቃል የገባላችሁ ይሄንን ነው። የኛን ሐሙስ።"

"በስመ አብ!" አለች ሴትየዋ። አካፋውን ከመሬት አነሳችው። "የሙት ቤት ውሃ? እኔ አልነካም የኔ ልጅ። ችግኜ ይድረቅ።"

"በሱ ላይ ስቄበት ውሃውን ልጠጣ? ወላሂ አላደርገውም" አለ ጎልማሳው።

የውሃ አባት ቀረብ አሉኝ። "ነግሮህ ነበር?"

"ነግሮኝ ነበር። እምቢ ብዬው ነበር።"

ከታች ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። ሽማግሌው ዱላቸውን አፈሩ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

"ዛሬስ?"

ጫማዬን አወለቅኩ። አካፋውን ከሴትየዋ እጅ ወሰድኩ፤ ትንሽ ያዘችው፣ ከዚያ ለቀቀችው። ጭቃ ዘግኜ የማሳችንን አፍ ደፈንኩ። ውሃው መጀመሪያ ቆመ፣ ተነፋ፣ ከዚያ ወደ ታች ዞረ። ማንም አልከለከለኝም።

ተከትዬው ወረድኩ። የደረቀ ቦይ ውስጥ ውሃ ቶሎ አይሄድም። ገለባና ጉንዳን እየገፋ ይመጣል፣ ስንጥቅ ሲያገኝ ቆሞ ይጠጣል፣ እንደገና ይነሳል። ቀድሜው እንዳልሄድ ተጠነቀቅኩ። ሴትየዋ ከኋላዬ ነበረች፣ ስትራመድ እሰማታለሁ። ማሳዋ ጋ ሲደርስ አካፋውን መለስኩላት። አፉን ራሷ ከፈተች። የመጀመሪያው መደብ ሲጠቁር አይቼ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ እግሬ ጭቃ ነበር። ሰዎቹ አዩኝ። እናቴ አጠገብ ሄጄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ውሃው ከኛ ነው ሊል ነበር" አልኳት።